ከተማችን የታመመች ዕለት

ትናንት ምሳ በልቼ፣ በዚያ ሙቀት ጋደም ባልኩበት ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁ። ያበድኩ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት በየመንገዱ እየዞርኩ ማን እንደሞተና ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ የምለፍፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሕልሜም ከሥራዬ ብዙ አይርቅም።

በሕልሜ በሬን ስከፍት ወንዛችን ደጄ ላይ ቆሟል። አዎ፣ ያ አሸዋ ብቻ የቀረው ወንዝ። ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል።

«ጌታዬ፣ ውኃ ከትናንት ጀምሮ ጠፍታብኛለች። ትንሽ ይቅዱልኝ» አለኝ አጎንብሶ።

«ሰውዬው ስብሰባ ላይ ነው፤ ነገ ተመለስ» አልኩት፣ ልክ ውኃ ቢሮ እኔን እንደሚሉኝ። ሰውዬው እኔው ነኝ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ።

ወዲያው ደግሞ ባቡር ጣቢያ ነበርኩ። እንዴት እንደደረስኩ እንጃ። ባቡሩ ቆሞ ሐዲዱ ከሥሩ ይሮጣል። ውስጥ ስመለከት ሻንጣዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያወሩ ነው፤ ሰዎቹን እላይ መደርደሪያው ላይ ደርድረዋቸዋል።

ከባቡሩ አጠገብ አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ተኝታለች። ራሷ ገበያው ጋ ነው፣ እግሯ መጋዘኖቹን አልፎ ሄዷል። ከተማችን ናት። በምን አወቅህ አትበሉኝ፤ በሕልም ይታወቃል። በጠና ታማለች። ጥሏት የሄደ ሰው ሁሉ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሊጠይቃት መጥቷል። ብርቱካኑን የምትልጠው ግን እሷ ናት፤ የሚበሉት እነሱ።

«እናንተስ ደህና ናችሁ? ከስታችኋል» ትላቸዋለች።

«ኧረ የምታሳስቢን አንቺ!» ይሏትና ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዱማ የመስኮቷን መዝጊያ ነቅሎ በብብቱ ይዞ ውልቅ አለ። «ለመታሰቢያ ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

ሐኪሞቹ ነጭ ጋዋን የለበሱ ግመሎች ነበሩ። አንደኛው ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈና ካርዷን እያኘከ «ሞታለች፤ ግን እንዳትሰማ» አለ።

«ሰማሁ እኮ» አለች ከተማዋ።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሲራክ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ የእድሩን ድንኳን እንደ ኮት ለብሰው ከች አሉ።

«ደምሰው፣ ምን ትጠብቃለህ? ንፋ እንጂ!»

«ትተነፍሳለች እኮ፣ ጋሽ ሲራክ!»

«እሱ ልማድ ነው» አለ ግመሉ።

«ሰምተሃል፤ የተማረ ነው» አሉኝ ጋሽ ሲራክ።

ግራ ገባኝ። ጥሩምባ ቀልድ አይደለም። እኔ ከነፋሁ በኋላ የተመለሰ ሰው የለም። አንዴ ከተነፋ ወንበር ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ አለቀ። እሷን ደግሞ እወዳታለሁ። ልጆቼ «ና እኛ ጋ ኑር» እያሉ ሲለምኑኝ «ትድናለች፤ የትም አልሄድም» ብዬ የቀረሁላት ከተማ ናት። በምን አንጀቴ ልንፋባት?

እጄን ያዝ አደረገችኝ። መዳፏ ያቃጥላል።

«ደምሰው፣ እውነቱን ንገረኝ። እድናለሁ?»

እስከ ዛሬ ማን ሞተ ተብዬ ነው የምጠየቀው። ማን ይድናል ብሎኝ የሚያውቅ የለም! «ትድኛለሽ» ልላት አፌን ስከፍት «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» የሚል ወጣ። ክው አልኩ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። እሷ ግን አልተቆጣችም። እንዲያውም ተነሥታ ተቀመጠችና ፀጉሯን ታበጥር ጀመር።

«እንግዲያው ንፋው» አለችኝ። «ስንት ሰው እንደሚወጣልኝ ልየው። ብዙ ከወጣ እነሣለሁ።»

«ካልወጣስ?»

«አቦ አታድርቀኝ፣ ንፋ!»

ጥሩምባውን አፌ ላይ አደረግኩ። ብነፋ ሰው ይመጣ ይሆናል፤ ግን የሚመጣው ሊቀብራት ነው። ሊቀብር የመጣ ሰው እንዴት ነው የሚያስነሣት? ባልነፋስ ማን ይመጣላታል? ጉንጬን ሞላሁ…

«አንተ ሰውዬ! ተነሥ እንጂ፣ ሰው መጥቷል!»

ሚስቴ አምሳለ ናት፤ ትከሻዬን ትወዘውዘኛለች። ላቤን እየጠረግኩ ሳሎን ወጣሁ። ጋሽ ሲራክ፣ የእውነቱ ጋሽ ሲራክ፣ ከሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አምሳለ ያቀረበችላቸውን ውኃ አልነኩትም። እኔ ሕልሙ ገና አልለቀቀኝም፤ ሰላም እንኳ ሳልላቸው፣

«ጋሽ ሲራክ፣ ጉድ እኮ ነው! ከተማችን ሞታለችና ንፋ ሲሉኝ አየሁ!» ብዬ ከት ብዬ ሳቅኩ።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ሲራክ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ አምሳለ ዞሩ።

«እኛ ሞቷን ቀስ አድርገን ልናረዳው ነበር የመጣነው» አሉ። «ማነው ቀድሞ የነገረው?»