ደራሹ የመጣ ዕለት እኔ መናፈሻ ነበርኩ

የሌላ አገር ሰው «ጎርፍ መጣ» ሲሉት ይሸሻል። የቆቦ ሰው አካፋውን አንስቶ ወደ ጎርፉ ይሮጣል። ለምን ቢሉ፣ ወንዛችን ስሙ ወንዝ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ገባሮቹም እንደ ሩቅ ዘመድ ናቸው፤ በጋውን ደብዛቸው ይጠፋል፣ ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ግን ሳይጠሩ ተሰብስበው ከተፍ ይላሉ። ደራሽ የምንለው ይህ ጎርፍ ሁለት ሦስት ሰዓት ጋልቦ ያልፋል። በዚያች ሰዓት ጠልፎ ወደ እርሻው ያስገባ ማሽላ ይበላል። የዘገየ እርጥብ አሸዋ ያያል።

ባለቤቴ ፋንታዬ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። እኔ የማውቀው ትምህርት ቤት የነገሩኝን ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ስለ ዓባይ እንጂ ስለ እኛ ወንዝ የነገረኝ የለም። ዘንድሮ ማሽላውን የዘራችው እሷ ናት። ሰኔ ላይ ታመመች፤ ሳምንት አልቆየችም። ሐምሌ ሲገባ ማሽላው በጥም ቅጠሉን ጠቀለለ። ሌላ እርሻ ቢሆን እተወው ነበር። ይህ ግን እጇ የነካው የመጨረሻ ዘር ነው፤ እንዴት ይተዋል?

ቅዳሜ ጠዋት የውሃ አባታችን ጋሽ ይማም ቤቴ መጡ። የጠለፋውን ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ይቺን ልጅህን ከቤት አውጣት እንጂ፣ መናፈሻ ውሰዳት አሉኝ። ውሃው ቢመጣስ አልኩ። «አብሽር» ብለው ሄዱ። ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁ፤ ጥርት ብሏል። የተማረ ሰው አይደለሁ? ጎርፉ ከደጋ እንደሚመጣ እያወቅሁ የቆቦን ሰማይ አየሁ።

መናፈሻችን ማለት ወንዙ ዳር ያሉ አራት ዛፎች፣ የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ ዥዋዥዌ ነው። ልጄን ብርቄን አስቀምጬ ገፋሁ። እማዬ ከዚህ በላይ ከፍ ታደርገኝ ነበር አለች። ጨምሬ ገፋሁ። ትንሽ ሳቀች፤ ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ይኼኔ ከላይ ፉጨት ተሰማ። «ደራሽ!» አለ አንዱ፤ ተቀባበሉት። ብርቄን አዝዬ ሮጥኩ። አካፋው ቤት ነው። ደግሞም መናፈሻ የምሄድ ሰው ነኝና የተወለወለ ጫማ አድርጌያለሁ።

ስደርስ ማሽላዬ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጭቃ ለብሰው ቦዩን ያጠናክራሉ። ከእኔ በላይ ያለው የጋሽ ይማም እርሻ ደረቅ ነው። በእኛ ደንብ የላይኛው ሳይጠጣ የታችኛው አይጠጣም። ተራዎ አልነበረም ወይ አልኳቸው። የእኔ ሌላ ደራሽ ይጠብቃል፣ የፋንታዬ ዛሬን አያድርም አሉ።

ጎንበስ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ። ውሃው ድፍርስ ጭቃ ነበር። በዚህ ውሃ ምን ፊት ይታጠባል ብሎ የጠየቀኝ የለም። አመሰግናለሁ።

ታዲያ ለምን መናፈሻ ላካችሁኝ አልኩ። ጎረቤቴ አየለ ይሉኝታ የሚባል አያውቅም። ደጋው ከሌሊት ጀምሮ ጠቁሯል፣ ውሃው እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር አለኝ። «ሐሙስ የሠራኸው ግድብ ፍየል ወጣችበትና ተናደ። እኛ ነን ደግመን የሠራነው። ዛሬም ብትመጣ ማንን ልንገድብ ነው? ውሃውን ወይስ አንተን?»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የእኔን አንዷን ሎሚ እንኳ አላሸከሙኝም።

ሰው ነኝና አፈርኩ። በሚቀጥለው ደራሽ ከሁሉም ቀድሜ አካፋ ይዤ እገኛለሁ ብዬ ማልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ይማም ወደ ብርቄ ጎንበስ አሉና፣ ያ ዥዋዥዌ አባትሽን ይችላል ወይ ብለው ጠየቋት።