ሰባቱ በሮች በአንድ ፎቶ

ትናንት ሌሊት ልብስ ሰፊዋ የሻረግ በሕልሟ ስልኳን ደግና ግቢያቸው መሐል ቆማ ነበር። የምትዞረው ግን እሷ አልነበረችም፤ ግቢው ነበር የሚዞራት።

ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲያደርቃት የዋለ ነው። ደሴ ላይ ሰባት አባወራ የሚኖርበት ግቢያቸው ሰኞ ይፈርሳል፤ ሰዉም ወደየአቅጣጫው ይበተናል። የሻረግ ከዚያ በፊት ሰባቱን በር ከነሰዉ በአንድ ፎቶ ልታስቀር ቆርጣለች። ስልኩን ይዞ መሐል ላይ ቀስ ብሎ አንድ ዙር መዞር ነው፤ በኋላ ጣት ሲያንሸራትቱበት እዚያው የቆሙ ያህል ዙሪያው ሁሉ ይታያል። ዙሩ እስኪያልቅ ታዲያ ማንም መነቃነቅ የለበትም። ምን ዋጋ አለው፣ ግማሽ ስትደርስ የግቢው ሽማግሌ አባ ይመር ከውጭ ይገባሉ፣ ሰዉ ሁሉ "ኖር!" ብሎ ብድግ ይላል። አራት ጊዜ ሞከረች፤ አራቴም አንገት የሌለው ሰው ወጣ። እሷም እልኸኛ ናት፣ እንደተናደደች ተኛች።

በሕልሟ ሰዉ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጦላታል። በሮቹ ተራ በተራ እየመጡ ስልኩ ፊት ቀጥ ይላሉ። ከሰልፉ መጨረሻ ዶዘሩ ማመልከቻ በአፉ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። የማፍረሻውን ደብዳቤ ያመጣው ሹም ጠረጴዛውን ተሸክሞ መጣና፣ ቢሮዬን ልታፈርሱት ነው አሉ፣ እስከ ሰኞ ታገሡኝ ብሎ ለመናት። ሥራ ላይ ነኝ፣ ከፎቶው ውጣልኝ አለችው።

ሦስተኛው በር ላይ ስትደርስ አባ ይመር ገቡ። ሰዉ ንቅንቅ አላለም። ግድግዳዎቹ ግን "ኖር!" ብለው ከነጣራቸው ተነሡ።

"ተቀመጡ እንጂ! አበላሻችሁብኝ እኮ" አለች የሻረግ።

"ጭቃችንን በእግራቸው ያቦኩ ሰው ሲገቡ ቁጭ ብለን እንጠብቅ?" አሏት።

እውነታቸውን ነው። አባ ይመርን እጃቸውን ይዛ አጠገቧ አቆመቻቸውና እንደገና ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት ደረሰ። ሰባተኛው ሊመጣ ሲል ግቢው ቆመ። የሻረግ ስልኩን በጥርሷ ነክሳ፣ ጭቃ ውስጥ እንደ ቀረ መኪና ግቢውን በትከሻዋ ትገፋው ጀመር። ትንሽ ነቅነቅ አለላት። አሁንም ገፋች።

የመኪና ጥሩምባ ቀሰቀሳት።

ነግቷል። በር ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ጎረቤቷ ጦይባ ሰኞን ሳትጠብቅ ዕቃዋን ጭና ጨርሳለች። የሻረግ ጫማ ሳታደርግ ወጥታ መኪናው ፊት ተገተረች።

"ጦይቤ፣ አንዲት ዙር ልዙር። ከዚያ ሂጂ።"

ሹፌሩም ሞተሩን አጠፋ። ሰዉ ሁሉ በየበሩ ወጥቶ ቆመ። የሻረግ ቀስ ብላ ዞረች፤ ዙሩም ሞላ። ወዲያው ጣቷን አንሸራተተችበት። ሰባቱም በር አለ። ጎረቤቶቿ ግን ከአባ ይመር ጀምሮ ሁሉም ፊታቸውን በሻሽና በጋቢ ሸፍነው ያለቅሳሉ። ፊቱ ጥርት ብሎ፣ ፈገግ እንዳለ የወጣው ሹፌሩ ብቻ ነው።