የተስፋዬ ፀጉር

ሰው በጎረቤቱ ፀጉር ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። እዚህ ጀርመን፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ተስፋዬ እንደኔው ጡረተኛ፣ እንደኔው መላጣ ነበር። አንዲት የአዩርቬዳ፣ የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ባለሙያ ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ይዞ የሚቀባ ዘይት ካመጣ ወዲህ ግን አናቱ ላይ ፀጉር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ይባስ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ኮፍያውን የሚያወልቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰው እንዲያይለት።

ያንኑ ዘይት ገዝቼ አቀባቡን ስጠይቀው፣ "ጥቂት ጠብታ ብቻ። ያንተ ቆዳ ቶሎ ስለሚቆጣ መጀመሪያ ክንድህ ላይ ሞክረው" አለኝ። እንዳልደርስበት ተመቅኝቶኝ ነው ብዬ ቅዳሜ ዕለት ግማሽ ጠርሙስ አናቴ ላይ ደፋሁ።

እሑድ አናቴ በርበሬ መስሎ፣ እያሳከከኝ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ኮፍያ ማውለቅ ግድ ነውና አወለቅኩ። መስቀል ልሳለም ስጠጋ ቄሱ ሽታውን አወቁት መሰለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ አትድከም፤ እኔ ሦስት ጠርሙስ ጨርሻለሁ" አሉኝ።

በተስፋዬ መቅናት የተውኩት ያን ዕለት ነው። አሁን የምቀናው በቄሱ ጥምጥም ነው፤ ማን ደፍሮ አውልቁ ይላቸዋል?