የጥንቸልና የቀበሮ ሽማግሌ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ያልተጠራ ሽማግሌ አይጠፋም። ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ጠብ ይሁን ጨዋታ ሳይጠይቅ መሀል ገብቶ ይቀመጣል። የሲያትሉ ክቡር ሽማግሌ ጋሽ መልከጸዴቅ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ገና ያልተጋቡትንም ያስታርቃሉ። አንዴ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ፣ በስልክ የምትጮኽ ሴት አግኝተው ስልኩን ተቀበሏትና ከማያውቁት ሰውዬ ጋር ሃያ ደቂቃ ተነጋገሩ። "ለእኔ ስትል" ሲሉት፣ ሰውየው እሳቸው ማን እንደሆኑ እንኳ አልጠየቀም።

ወጣቷ ኖላዊት ዛሬ ተረት ስታነብ እሳቸው እንዲመጡ ያልፈለገችው ለዚህ ነበር። ሴንትራል ዲስትሪክት ባለው ቤተ መጻሕፍት፣ ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን አዛውንቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የእንስሳት ተረት በአገራቸው አነጋገር ያነባሉ። እሷ ስታዳምጥ ከርማ ዛሬ ተራው ደረሳት። ሰው ፊት መቆም ያስፈራታል፤ ከሁሉ የፈራችው ግን ያ አነጋገር ከእሷ አፍ ሲወጣ ማሾፍ እንዳይመስል ነው። እናቷ ደግሞ "ጋሼ ያደርሱሻል" ብለው እሳቸውን ላኩባት።

ጀመረች። ጥንቸል ቀበሮን "ወንድሜ፣ ወንድሜ" እያለ አሞኝቶ ዓሣውን በላበት። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄዶ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ጠበቀ።

"ሶ፣ ወንድሜ እያለው ነው የበላበት?" አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ ከኋላ፣ በአማርኛ።

"ጋሼ፣ ተረት እኮ ነው።"

"ገባኝ። ሽማግሌ ተልኳል ወይ ነው የምልሽ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከፊት የተቀመጡት የአላባማዋ ሚስ ኧርነስቲን ምን እንዳሉ ጠየቋት፤ እየተንተባተበች ተረጎመችላቸው። አዛውንቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።

"አያቴ ተረት ስታወራ እንዲህ የሚያቋርጣት አጎት ነበረኝ። ለእኛ አታንብቢ፣ የኔ ልጅ። ለሳቸው ንገሪያቸው። ማወቅ የፈለጉት እሳቸው ናቸው።"

ኖላዊት ፊቷን ወደ ጋሽ መልከጸዴቅ አዞረች። መልስ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ስለ አነጋገር መጨነቂያ ጊዜ የለም፤ ቃሉ ከነዜማው እንደ ልቡ ወጣ። ሦስት ጊዜ አቋረጧት። ሚስ ኧርነስቲን ሦስቱንም ጊዜ ለጥንቸል ጥብቅና ቆሙ።

"ቀበሮ ጥርስ አለው። ጥርስ የሌለው በምን ይደር?"

"ቢሆንም ይቅርታ ይጠይቅ" አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ በእንግሊዝኛ።

ቀበሮ እንደተራበ ተረቱ አለቀ። ሁሉም አጨበጨበላት፣ ከጋሼ በቀር። "ሳይታረቁ?" አሉ ቅር ብሏቸው።

ረቡዕ ዕለት ኖላዊት ራሷ ኮል አደረገችላቸው።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ?"

"ማን ተጣላ?"

"ጥንቸልና ኤሊ።"

"ከሯል?"

"ያለ እርስዎ የሚበርድ አይመስለኝም።"

"እንግዲያው ቀደም ብለን እንሂድ።"