ዶኛ ኤውዴሊያ ዲግሪ ሲገበያዩ

ተከራካሪ ገዢ የሌለበት ገበያ የለም። የትም አገር ሂዱ፣ ዋጋ ሲነገራቸው እንደተሰደበ ሰው ደረታቸውን የሚይዙ፣ ጥቂት ራቅ ብለው የሚመለሱ፣ ከፍለው ሲያበቁ ደግሞ «ምራቂውስ?» የሚሉ አንድ ሰው አይጠፉም። በእኛ በቴክሳስ ድንበር የቅዳሜና እሁድ ገበያ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት ዶኛ ኤውዴሊያ ናቸው፤ «ዶኛ» በስፓኒሽ እንደ እኛ «እመቤት» ነው። እሳቸው ታማሌ የሚባለውን ሥጋ ያለበት የበቆሎ ሊጥ በበቆሎ ቅጠል ጠቅልለው፣ በእንፋሎት አብስለው ይሸጣሉ፤ እኔ ከጎናቸው አበባ እሸጣለሁ። ለእሳቸው ዋጋ ስናገር ሁልጊዜ እጥፍ አድርጌ ነው። እሳቸውም ያውቃሉ። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ግማሹ ላይ እንገናኛለን።

ሟች እህታቸው የተወችላቸው ኖራልባ የምትባል ልጅ አለች። በሰፈራችን ልጅ ሲያጠፋ ፍርድ ቤት በማሰር ፈንታ አመክሮ ይሰጠዋል፤ የሚከታተለው ሠራተኛ ግን ከሩቅ ከተማ የሚመጣ፣ የልጁን እናት ቋንቋ እንኳ የማይሰማ ነው። ኖራልባ ያንን ወንበር ፈለገች። ወንበሩ ደግሞ የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ ይጠይቃል። በቤታቸው ዲግሪ የያዘ ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ዲግሪም ዕቃ ነው» አሉ ዶኛ። «ዕቃ ከሆነ እኔ እገዛዋለሁ።»

መጀመሪያ የሄዱት አውራ ጎዳናው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ወደሰቀለ የግል ኮሌጅ ነው። በመኪናዬ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ከረባት ያሰረው ወጣት ገና ሳንቀመጥ ለኖራልባ ቦርሳና ታብሌት አቀረበላት፤ ዛሬውኑ ከፈረመች የእሷ ነው። ዶኛ ቦርሳውን ገልብጠው ስፌቱን መረመሩ። ከዚያ የቲማቲም ሳጥን እንደሚገዛ ሰው የታችኛውን ረድፍ ይፈልጉ ጀመር፦ እዚህ የተማረችውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ይቀበልላታል ወይ? የተመረቁት የት ተቀጠሩ? እስቲ አንዱን ጥራልኝ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ። ወጣቱ ታብሌቱን እንደገና ወደ ኖራልባ ገፋ አደረገው። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ቦርሳውን መለሱለት። «ተነስ ጎረቤት» አሉኝ። «ሳይገዙት ምራቂ የሚሰጥ ሰው፣ ከታች የበሰበሰ አለው።»

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። ስለ ዕቃው ሻጩን ሳይሆን የገዛውን ጠይቅ ይላሉ። ባጅ አንጠልጥሎ የወጣውን ሁሉ ትኩስ ታማሌ እያስያዙ የት እንደተማረ፣ የትምህርት ዕዳው እንዳለቀለት ጠየቁ። ሊያባርራቸው የመጣው ጥበቃ እንኳ እያኘከ ተመለሰ። ዕዳ የሌለባቸው የነገሯቸው አንድ ነው፦ መጀመሪያ አውቶቡስ የሚያደርሰው የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ።

የማኅበረሰብ ኮሌጁ መዝጋቢ ዋጋው የተቆረጠ መሆኑን አስረዳቻቸው። ዶኛ ደረታቸውን ያዙ። እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። «እሺ፣ ምራቂውስ?» መዝጋቢዋ ሲደክማት፣ አቅም ለሌለው ተማሪ መንግሥት የማይመለስ ድጎማ እንደሚሰጥ ነገረቻቸው።

«አክስቴ፣ ይኼ እኮ ገበያ አይደለም» አለች ኖራልባ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

«ያልተከራከርሽበት ነገር በኋላ ያስለቅስሻል።»

ኖራልባ መጀመሪያ ኮሌጁ፣ ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ ተመላለሰች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታማሌ እየጠቀለለች አጠናች። ዘንድሮ ያለ አንዳች ዕዳ ጨረሰች፤ የአመክሮ ቢሮውም ቀጠራት። ገበያው በሙሉ ኮራ። እኔ ዘመዷ አይደለሁም፤ ግን አበባ ለሚገዛኝም ለማይገዛኝም ደረቴን ነፍቼ አወራሁ።

የምረቃው ቅዳሜ ጧት ዶኛ ኤውዴሊያ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው መደቤ ፊት ቆሙ። ትልቁን የጽጌረዳ እቅፍ ጠቆሙኝ። እንደ ልማዴ እጥፉን ነገርኳቸው። ደረታቸውን አልያዙም። የጠራሁትን ከፍለው አበባውን አቅፈው ሄዱ። ደነገጥኩ። ጥቂት ዘለላ አንስቼ ከኋላቸው ሮጥኩ።

«ዶኛ፣ ምራቂዎን ረስተዋል።»

«ዛሬ የልጄ ቀን ነው» አሉ ሳይዞሩ። «በክርክር የረከሰ አበባ አልይዝላትም።»

እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

እሁድ ጧት ገና ዳሴን ሳልዘረጋ መጡ። እጃቸውን ዘረጉ።

«በል አሁን፣ የትናንቱን ግማሽ መልስ።»

መለስኩ።

«ምራቂውስ?»

ከመደቡ ሥር ደብቄ ያቆየሁላቸውን ቢጫ ጽጌረዳ አወጣሁ። ሳይጠይቁኝ ቢሄዱ ኖሮ በጣም ይከፋኝ ነበር።