የተረቱ ድስትና የበሰቃው በያጅ

ሰው መጽሐፍ የሚጽፈው ቢያንስ ጎረቤቴ ያነብልኛል ብሎ ነው፤ አይደል? እኔ የታደልኩት አንድ አድማጭ ብቻ ነው። እሳቸውም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት የሆነው ጋሽ ታፈሰ ናቸው።

መጽሐፌ ዌልስ ከምትባል፣ እንግሊዝ ጎን ካለች ዝናባም አገር ጥንታዊ ተረቶች ተነሥቼ የፈጠርኩት የምናብ ዓለም ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ድስት አለ። ሬሳ ሲገባበት ሕያው ሆኖ ይወጣል። ግን አይናገርም፤ ዲዳ ነው። እኔም እንደ አዋቂ «ይህማ እርግማን ነው» ብዬ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ድስቱን ሰበርኩት። አሁን ደግሞ የዚያኑ ዓለም አጫጭር ታሪኮች እየጻፍኩ ነው። ማን ጠየቀህ አትበሉኝ።

የጠየቁኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ካረፉና የዕድሩ ድንኳን ከተነሣ በኋላ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት እየገባሁ መጽሐፉን አነብላቸው ነበር። ሌላ ማጽናኛ አላውቅማ! ድስቱ የተሰበረበት ጋ ስንደርስ አስቆሙኝ።

«ለምን ሰበርከው?»

«የሚነሡት ዲዳ ናቸዋ፣ ጋሼ።»

«ቢሆኑስ? አርባ ዓመት ሙሉ ያወራችው እሷ ናት። ከክር ፋብሪካው ስገባ ‹በላህ?› ትለኛለች፤ እኔ ራሴን ነቅንቄ ቁጭ ነው። አሁን ተራው የኔ ነበር።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ።

መጽሐፉ ታትሟል፣ ድስቱም ተሰብሯል፣ ምን ላድርግ አልኳቸው። ተቆጡ። እዚሁ አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር፣ ያ ሁሉ በያጅ ተደርድሮ እንዴት አንድ ድስት የሚበይድ ይጠፋል? አሉ። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ሰው የፋብሪካውን ቦይለር ሳይቀር በይዷል። ምን ብዬ ልከራከር? አዲስ ታሪክ ጀመርኩና የበሰቃውን በያጅ ከነጥቁር መነጽሩ ወደ ተረቱ ዓለም ላክሁት። ድስቱ ተበየደ። እትዬ አስናቀች ተነሥተው ባላቸው ፊት ተቀመጡ።

«እሺ ጋሼ፣ አሁን ምን ይበሏቸው?» አልኩ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ።

አሰቡ። ሻያቸው አጠገባቸው ቀዘቀዘ። እኔ የአርባ ዓመት ወሬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው፣ «‹በላሽ?› በላት» አሉኝ።

ጻፍኩት። ዲዳ ሰው ምን ይመልሳል? እትዬ አስናቀችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጽፌ ስጨርስ አነበብኩላቸው።



«አይ አስኑ» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ «ለካ እንዲህ ያናድዳል!»