የይመርን አክታ የኔ ነው ብዬ የሰጠሁ ቀን

2016 ዓ.ም ነው። ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት። የሰው አክታ በፌስታል ይዤ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ወጣሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ወላሂ ወጥቻለሁ።

ቁርስ ላይ ያላችሁ በኋላ ተመለሱ።

ቲቢ ይዞኝ ነበር። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ እየተነሳሁ ጤና ጣቢያ ሄጄ በየቀኑ ሲስተሯ ፊት ክኒን እውጣለሁ። አንድ ቀን አላጎደልኩም። ግትር ብሆንም መሞት አልፈልግም።

ሲጋራውን ግን አልተውኩም።

ሲስተሯ መጀመሪያ ቀን፣ "አባባ፣ ያጨሳሉ?" አለችኝ። "ትቻለሁ" አልኩ። ውሸት።

"ከቤተሰብ ሌላ አብሮዎት የሚውል ሰው አለ? እንዲመረመር ነው።"

"የለም" አልኩ። ይኼኛው ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ውሸት።

ይመር አለ። የጭነት መኪና ሹፌር ሳለሁ ረዳቴ ነበር፤ አሁን ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ባለቤቴ ዘይነብ የሲጋራ ሽታ ገና ከበር ነው የምትይዘኝ። ስለዚህ ማጨሻዬ የይመር ቤት ነበር። ሰው እንዳያየኝ በሩን ዘግተን እኔ አጨሳለሁ፣ እስላለሁ፤ እሱ ያጫውተኛል። እሱ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ስሙን ብናገር ማጨሻዬ ሊታወቅብኝ ነው።

ሁለት ወር ሲሞላኝ ሲስተሯ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ። "ነገ ጠዋት ሲነሱ አክታዎን እዚህ ውስጥ ይዘው ይምጡ።"

ላብራቶሪው ሲጋራዬን የሚያይብኝ መሰለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ያደረግኩትን እንደማታደርጉ አውቃለሁ።

ይመር ጋ ወርጄ አደርኩ። ሲነጋ ዕቃውን ሰጠሁት።

"ምን ላድርገው?"

"ትፋበት።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምን አለብኝ?"

"ምንም የለብህም። ለዚያ ነው።"

ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው፣ ሳሉም ረዘመ። "ብርድ ነው" አለ። አክታ ለማውጣት አልተቸገረም፤ እኔም "ጎበዝ" አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይገባው ነበር። እኔ አልገባኝም።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የነበረች ሴት ፌስታሉን አየችና፣ "አባባ፣ ማር ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ ከደጋን ከተማ የመጣ ማር" አልኳት። "ትንሽ ይሽጡልኝ" እያለች ደሴ እስክንገባ አደረቀችኝ።

የውጤቱ ቀን ሲስተሯ ጠራችኝ። "አባባ፣ ተህዋሲያኑ አሁንም አሉ። ብዙ ናቸው።"

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው የገባኝ።

የኔ አክታ አይደለማ!

ያ ሳል። ያ የተዘጋ ቤት። እዚያው ቤት ገና የምትድህ የልጁ ልጅ አለች፤ እንቅልፏ ይመር ደረት ላይ ነው። እኔ ዝም ብል ይመር ብርድ ነው እያለ ሊያልቅ ነው።

"ሲስተር፣ አክታው የኔ አይደለም።"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"የማን ነው ታዲያ?"

"የይመር።"

"ይመር ማነው?"

"የለም ያልኩሽ ሰውዬ።"

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ሲጋራው፣ ስለ ተዘጋው ቤት፣ ስለ ህፃኗ ሁሉንም ነገርኳት። ሌላ ዕቃ ሰጥታኝ ውጭ ወጥቼ የራሴን ተፋሁ። ከሰዓት ውጤቱ ደረሰ፣ የኔም አልጠራም።

"ሳንባዎ ቁስለኛ ነው አባባ። በላዩ እያጨሱበት ክኒኑ ብቻውን ምን ያድርግ? ሲጋራው መዳንዎን ያዘገያል፤ ከዳኑ በኋላም በሽታው ሊመለስብዎ ይችላል። ነገ ያንን ሰው ይዘውልኝ ይምጡ። ህፃኗንም።" ማስክም ጨመረችልኝ፤ "በሽታው የሚዛመተው በተዘጋ ቦታ ነው" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከቤት ስወጣ የሲጋራ ፓኮውን ለዘይነብ ሰጠኋት። ተቀብላ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ይመር ህፃኗን ታቅፎ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

"ውጤትህ ወጣ?" አለኝ እየሳቀ።

"ያንተ ነው የወጣው።"

ሳቁን አቆመ። ህፃኗን ለእናቷ፣ ለልጁ አቀበለ። ማስኩን ስሰጠው፣ "ከኔ ሳይሆን አይቀርም" አልኩት። አፉ ላይ አጠለቀውና፣ "ታዲያ ምን ቆመሃል፣ እንሂድ" አለኝ።

ልጁ ህፃኗን አዝላ ተከተለችን። ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጥን መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የሚኒባሱ ረዳት "አባባ፣ ይዝጉት፣ ብርድ ይመታናል" አለ። ተሳፋሪው ሁሉ አገዘው።

እስከ ደሴ አልዘጋሁትም። ስድሳ ስምንት ዓመት ግትር ሆኜ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።